ሕግና ማኅበራዊ ፖሊሲ በአንድ ማዕድ



ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ገደሉን እያስናዱ መንገድ ስላስጠረጉለት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የሚጸድቅ አዋጅም እስከ ላይ ጋይንትና እብናት ወረዳዎች እንዲዘልቅ መንገድ ይሻል። ይህን መንገድ የሚያጠናው ዘርፍ ማኅበራዊ ፖሊሲ ይባላል፤ ይኸውም መንግሥት ጤናን፣ ትምህርትንና የችግረኞችን ድጋፍ ለማን፣ በምን ገንዘብና በየትኛው ተቋም በኩል እንደሚያደርስ የሚመረምር ዕውቀት ነው።

ለምሳሌ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133 በሥራ ላይ ሲውል፣ በጋራ ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ሰፈረ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ፤ ይህም ለደገኛዋ ሴት ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በሬ ከሌላት፣ እርፍ መጨበጥም ለሴት እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ከሆነች፣ መሬቷን በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሁለት ለመካፈል፣ ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ አራሹ ዓመታት ቆይቶ መሬቱ የእኔ ነው ሲል ደግሞ ደብተሯን ይዛ፣ ምስክር ቆጥራ፣ ስንቋን ቋጥራ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት መመላለስ ግድ ይሆንባታል። ሕግ ብቻ የተማረ ባለሙያ አንቀጹን ጠቅሶ ይከራከርላት ይሆናል፤ መሬቱን ከእጇ ያወጣው የበሬ እጦት መሆኑን አይቶ መፍትሔ የሚያፈላልግላት ግን ሕጉንም ማኅበራዊ ፖሊሲውንም የተማረ ሰው ነው።

በጤናም እንዲሁ ነው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ አባወራዎች በየዓመቱ መዋጮ ከፍለው ከጋራ ቋቱ የሚታከሙበት ሥርዓት፣ በ2003 ዓ.ም. ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደር ዞን ፎገራ ነበረች። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል፤ ድኻውን የሚለየው ግን ቀበሌው በመሆኑ፣ ያለ አግባብ የተዘለለ ሰው አቤት የሚልበት ግልጽ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ የሕግም የፖሊሲም ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፤ ይህን ትእዛዝ በበጀት ሰነድ ውስጥ ፈልጎ ማግኘትና መሟገት የሚችል የሕግ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ሕግን ከተቀራራቢ ዘርፍ ጋር ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ የሕግ ዲግሪን ከማኅበራዊ ሥራ ማስተርስ ጋር አጣምረው የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ጥምር ትምህርት ዕድሜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ለደቡብ ጎንደር የሚገባው ወጪ ነው። ስለዚህ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሕግንና ማኅበራዊ ፖሊሲን የሚያጣምር የድኅረ ምረቃ መርሐ ግብር ይክፈት፤ ትምህርታቸውን የሚቀጥሉ ተመራቂዎችም የመመረቂያ ጥናታቸውን ከእነዚሁ የወረዳ ችሎቶችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ይጀምሩ።