የመብራት ሂሳብና የምጣድ ሰዓት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ፤ ለመምጣት ላልቻሉ ነዋሪዎች የተለጠፈ)



ስለ መብራት ሂሳብ አንድ ነገር አዘጋጅቼ እንዳነብ ባለፈው ስብሰባ ታዝዤ ነበር። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ደረሰኝ ማንበብ አያቅተኝም፤ ያልገባኝንም የሚያውቁትን ጠይቄያለሁ።

በሰፈራችን «ሌሊት ከተጋገረ መብራቱ በግማሽ ዋጋ ነው የሚታሰበው» የሚል ወሬ ገብቷል። በዚህ የተነሣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተው ምጣድ የሚያሰሱ እናቶች አሉ። አንዷ ጎረቤቴ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ሂሳቡ ንቅንቅ አላለም። «የቀነስኩት እኔው ነኝ» ብለው ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

እቅጩን ልናገር። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚከፋፈለው በፍጆታ መጠን ነው እንጂ በሰዓት አይደለም። ቀን 6 ሰዓትም ሌሊት 9 ሰዓትም የተቆጠረ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያው አንድ ነው። ወሬው ዝም ብሎ ከመሬት እንዳልተነሣም ልንገራችሁ። እስከ 2011 ዓ.ም. ሲሠራበት በነበረው ታሪፍ ለኢንዱስትሪ የሰዓት ልዩነት ነበረ፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም ፋብሪካ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 74 ሳንቲም ገደማ፣ በሌላው ሰዓት 54 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ያ የፋብሪካ ነው። የእኛ ምጣድ ፋብሪካ አይደለም።

የእኛ ሂሳብ የሚከብደው ደረጃ ስንወጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጸናው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም አንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ ከ500 በላይ ለደረሰ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ ያምናውን ደረሰኝ ይዞ «ለምን በዛ» ከማለት በፊት ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ ማየት ይበጃል።

ታዲያ ሰዓት መምረጥ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አለው፤ በሌላ መንገድ ነው እንጂ። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግድም ሁሉም ቤት ምጣድ፣ ስቶቭና ቴሌቪዥን ሲከፍት ኃይሉ ይደክማል፤ አምፖሉ ቀላ ብሎ ታዩታላችሁ። 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 180 ከወረደ ምጣዱ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ያጣል። ያን ጊዜ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱ ይጣበቃል፣ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው ሊጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምጣዱ ሙቀቱን ለአየር እየሰጠ ቆጣሪው ይዞራል። ኃይሉ ደህና በሆነበት ሰዓት የጋገረ ግን ቶሎ ይጨርሳል። ለዚህም ሌሊት መነሣት አያስፈልግም፤ በሥራ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይበቃል።

«ከሕዳሴ ግድብ የሚመጣው መስመር እዚሁ ሆለታ አይደለም ወይ የሚደርሰው? እኛ ምን ሆነን ነው የምንጨልመው?» ያሉ አባት ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 500 ኪሎቮልት ተሸካሚው መስመርም ሆለታ ይደርሳል። ነገር ግን ከዚያ ወርዶ ወርዶ በየቤታችን የሚገባው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በቀጭኑ ሽቦ ነው። ሐይቅ ሙሉ ውሃ ቢኖር ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ባልዲው ቶሎ አይሞላም፤ ገፈርሳ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብደኝም። በበዓል ዋዜማ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከመስመር እንዲወጡ የሚጠየቁትም ለዚሁ ለጭነቱ ነው። በሰበታና በሱሉልታ ያሉ ዘመዶቻችንም የሚያነሡት ስሞታ ከእኛው አይለይም።

አሁን ወደ ምጣዱ ልመለስ፤ ትልቁ በላተኛ እሱ ነውና። አንድ የቤት ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። 10 ዋት የሆኑ 350 አምፖሎች አንድ ላይ ቢበሩ ማለት ነው። አንድ አምፖል ለማጥፋት ልጅ የምንቆጣ ሰዎች ምጣዱን ባዶውን ግማሽ ሰዓት እናግላለን። ሊጡ ሳይቀጥን ምጣድ አይሰካ። በሳምንት ሁለቴ ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ማሞቂያውን ያተርፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅሎ በቀረው ግለት ማውጣት ይቻላል፤ ባለቤቴ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ የመጨረሻው ትንሽ ቢገረጣም ለፍርፍር ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምጣዱን ንቀሉ! ረስቶ ገበያ የሄደ ሰው መብራቱ ሲመለስ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። ፍሪጅም ወዲያው አይሰካ። የእኔ ፍሪጅ መብራት ተመልሶ በመጣበት ቅጽበት ነው የተቃጠለው፤ ዛሬ የሽንኩርት ቁም ሣጥን ሆኗል።

አንድ የሚከብድ ነገር ቀረኝ። በብዙ ግቢ አምስት ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቢቆጠር በዝቅተኛው ደረጃ የሚቀር ሲሆን፣ ሲደመር ግን ግቢው ከላይኛው ደረጃ ይገባል። ከዚያ «አንቺ ነሽ ያበዛሽው» ጭቅጭቅ ይመጣል። ባለፈው ክረምት በዚሁ ምክንያት አንዲት አራስ ቤት እንድትለቅ ተደርጋለች፤ እዚህ የተቀመጥን ሁላችን እናውቃለን። ለየቤቱ በግል የሚገባ ትንሽ ቆጣሪ ክርክሩን ያቀል ይሆናል፣ ደረጃውን ግን አያወርድም። የቤት ባለቤቶች ተጨማሪ ቆጣሪ እንዲያስገቡ፣ ማመልከቻውን ማኅበሩ እንዲጽፍላቸው፣ እስከዚያው ሂሳቡ በሰው ብዛትና ምጣድ ባለው ቤት እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

በአንድ ትራንስፎርመር የምንጠቀም ቤቶችም የመጋገሪያ ቀን እንከፋፈል፤ ላይኛው መስመር ማክሰኞና ዓርብ፣ ታችኛው ሰኞና ሐሙስ። ቅዳሜ ለሠራተኞች ይተው። የሚስማማችሁን ቀን እስከሚመጣው እሑድ በጥበቃው ዘንድ ባለው ደብተር አስመዝግቡ፤ ከቆጣሪ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ያላችሁ የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ