የቤጂንግ አዳራሽና የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን

በቤጂንግ የሚገኘው የነገሥታት ቤተ መንግሥት በሚንግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1420 ተጠናቀቀ ይባላል። ዋናው አዳራሽ ግን ደጋግሞ ተቃጥሏል፤ ዛሬ የቆመው በቺንግ ዘመን፣ በ1690ዎቹ እንደገና የተሠራው ነው። ታዲያ ጥንታዊነቱ ሐሰት ነው? አይደለም። በሶንግ ዘመን፣ በ1103 የወጣው የሊ ጂየ የግንባታ መመሪያ የሕንፃ እንጨትን በስምንት የመጠን ደረጃ ደንግጎ ነበር፤ እንጨቱ ቢነድም ልኩ ይቀራል። በጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትም በዚሁ ሚዛን ቢታዩ ተገቢ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ይተካል፣ ምስጥ የበላው ምሰሶ ይለወጣል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ግን ሥርዓታቸውን አይለቁም።

«እዚያ ንጉሠ ነገሥትና የተጻፈ ደንብ ነበረ፤ እዚህስ?» የሚል ይኖራል። እዚህ ደንቡ ቅዳሴው ራሱ ነው፤ ካህኑም መዘምራኑም ምእመኑም የየራሳቸው መቆሚያ ስላላቸው ግንበኛው እንዳሻው አይሠራም። ከበድ የሚለው ተቃውሞ የመቅደሱ ሥዕል ጉዳይ ነው። እውነት ነው፣ ሥዕል እንደ ምሰሶ አይተካም። የታንግ ዘመን የቤተ መቅደስ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከሕንፃዎቻቸው ጋር ጠፍተዋል፤ በዱንኋንግ ዋሻዎች የተረፉት የበረሃው ድርቀት ስለረዳቸው ነው። የጎጃም ዝናብ እንዲህ አይራራም፦ በጨርቅ ተሥሎ መቅደሱ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ጣሪያው ሲያፈስ ይበላሻል፤ አዲሱ ሠዓሊ ያንኑ ቅዱስ ቢሥልም እጁ ሌላ ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ለእድሳት ስትነሡ ከቆርቆሮው በፊት ሥዕሉን አስቡ፤ ባለሙያ ያውርደው፣ ፎቶ ይነሣ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።