ሰንጠረዥ የሌለው ጨዋታ



ወላጆችና አሰልጣኞች የተሰበሰብነው ከካልጋሪ ሶከር ሴንተር ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። ሰፈሩ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ነው፤ ልጅ ይቦርቅበት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ መጋዘን፣ ጋራዥና ከባድ መኪና ነው። ሆኖም የውጭው ሜዳ በረዶ ሲለብስ ልጆቻችን ታኬታቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚህ ነው። ጥቂት የማይባሉ ወላጆች የሚሠሩትም እዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ ከሺፍት ወጥተው አንጸባራቂ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ሲያንገላጃቸው አያለሁ። ኳሷ ግድግዳውን ስትመታ ብንን ይላሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “የኔ ልጅ አገባ እንዴ?” ነው።

በካናዳ የታናናሾቹ እግር ኳስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይያዝለትም። ይህ ልጆቹን ከውጤት ጭንቀት ያላቅቃል፤ እደግፈዋለሁ። አሰልጣኙን ያሰበው ግን ያለ አይመስለኝም። የክለብ አሰልጣኝ ሰንጠረዡን አይቶ ሥራውን ይመዝናል። የኛን የልጆች አሰልጣኞቹን ሥራ በምን እንመዝነው? ደመወዝ የለን፣ ዋንጫ የለን። ስልካችን ሲጮህም ባብዛኛው “ልጄን ለምን ተቀያሪ አደረግኸው?” ለማለት ነው። በዚህ ተሰላችተው የተዉ፣ ልጅ መያዝ የሚያውቁ ሰዎችን አውቃለሁ።

ምስጋና አትጠብቁ፣ ያኔ አትሰለቹም የሚሉ አሉ። አልስማማም። አሰልጣኝም ሰው ነው፤ ምስጋና ያስፈልገዋል። ችግሩ የልጅ ምስጋና በቃል አለመምጣቱ ነው። አንገቱን ደፍቶ ኳስ ብቻ የሚያባርር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ኳሷን በውስጥ እግሩ አቆማት፤ ቀና አለ፤ በግራ በኩል የቆመውን ጓደኛውን ፈልጎ አቀበለው። ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች። ማንም አላጨበጨበም። ልጁ ግን ጓደኛውንም ወላጆቹንም ትቶ፣ ዞሮ እኔን አየኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከልምምድ በኋላ መኪናው እስኪሞቅ ድረስ በደብተር እጽፋለሁ። በየልጁ ስም አንድ መስመር ይበቃል። ሌላ ሰንጠረዥ የለኝም፤ በእውነቱ ሌላም አላማረኝም።

ታሪካችንንም እንይ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። አሰልጣኙን ይድነቃቸው ተሰማን እናመሰግናለን፤ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አህጉሩን መርተዋል፤ ይገባቸዋል። አምበሉን ሉቺያኖ ቫሳሎን፣ ወንድሙን ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን በስም እንጠራለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ መንግሥቱን በልጅነቱ ኳስ እንዴት እንደሚቆም ያሳየው ማን ነበር? የሚያውቅ እጁን ያንሣ። …እንደጠበቅሁት ነው። እኛ የያዝነው የዚያን ሰው ሥራ ነው። እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን ከጨርቅ ኳስ ያላቀቀን፣ ከኪሱ አውጥቶ ማልያ የገዛልን አንድ የሰፈር ታላቅ አለን። ለርሱ ያልከፈልነውን እዚህ ለሌላ ሰው ልጅ እየከፈልን መሆኑ ሲገባኝ፣ ሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ቅዳሜ ጠዋት የምነሣበትን ጉልበት አገኛለሁ።

ዛሬ ደግሞ ወላጆች የተጫዋቹን የአልፎንሶ ዴቪስን ስም ሲጠሩ እሰማለሁ። ቡዱቡራም በተባለ የጋና የስደተኞች ካምፕ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ካናዳ ገብቶ፣ እዚሁ አልበርታ ውስጥ ኤድመንተን ያደገው ልጅ በ2020 እ.ኤ.አ. ከባየርን ሙኒክ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። በ2022 ደግሞ በኳታር ክሮኤሺያ ላይ ያገባት ጎል የካናዳ ወንዶች የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ጎል ሆነች። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ወደ ሜዳ ያደረሰው መጓጓዣ ነው። ፍሪ ፉቲ ይባል የነበረው የኤድመንተን ፕሮግራም አቅም ለሌላቸው ልጆች ከትምህርት በኋላ ኳስ የሚያጫውት ነበር፤ ክፍያ አልነበረውም፣ ትጥቁን ይሰጥ፣ መጓጓዣውንም ያቀርብ ነበር። ዴቪስም በዚያ አልፏል። ስንት ፈጣን ልጅ የሚያደርሰው አጥቶ ቤቱ ቀርቷል!

ስለዚህ ወደ ሥራችን ልምጣ። ማክሰኞ ማታ ሁለታችሁም ሥራ የምትገቡ ወላጆች አላችሁ፤ ልጆቹን በየተራ የሚያመጣ የመኪና ተረኛ እንመድብ፤ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የመመዝገቢያ ክፍያ የከበዳችሁ ዝም አትበሉ፤ ኪድስፖርት ካልጋሪ አቅም የሚያንሳቸውን ቤተሰቦች በክፍያው ያግዛል፤ ማመልከቻውን አብረን እንሞላለን። የጠበበ ታኬታ ያላችሁ አጥባችሁ አምጡ። ረዳት አሰልጣኝ መሆን የምትፈልጉም፣ በተለይ እናቶች፣ የፖሊስ ማጣሪያ ወረቀቱ ቀን ስለሚወስድ ዛሬውኑ ጀምሩ። ኳስ መጫወት አልችልም ለምትሉ፦ ለስድስት ዓመት ልጅ የጫማ ክር ማሰር የሚችል ሰው በጣም ያስፈልገናል።