ባለ ሃያ አንድ አኃዙ ቁጥርና ሁለቱ አካፋዮቹ



የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። ይኸውም 147,573,952,589,676,412,927 ሲሆን፣ ስድሳ ሰባት ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ይገኛል።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ይህን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው ሲል መዘገበ። ማስረጃ ግን አላቀረበም። መርሴን ሊጽፍ ያሰበው 61 ነበር፣ አታሚው 67 አደረገበት የሚሉ አሉ፤ ስድሳ አንድ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር ነውና። ነገር ግን ከዝርዝሩ 89ና 107 መጉደላቸው፣ 257 ደግሞ ያለ ቦታው መግባቱ ሲታይ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአታሚው ማላከክ ያስቸግራል።

ስሕተቱን ያጋለጠው ኤዱዋር ሉካ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1876። የሚያስደንቀው፣ አንድም አካፋይ ሳያገኝ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ማረጋገጡ ነው። ስልቱ፣ ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 ባሻሻለው መልክ፣ እንደሚከተለው ነው። ከ4 ተነሥቶ፣ በራሱ ተባዝቶ 2 ይቀነስለታል፤ የተገኘው ለሚመረመረው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል፤ በዚህም ቀሪ ላይ ሥራው ይደገማል። ከ65 ዙር በኋላ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። እንግዲህ ቁጥሩ እንደሚካፈል እየታወቀ፣ ለምን እንደሚካፈል ሳይታወቅ 27 ዓመታት አለፉ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል ለአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መልሱን አቀረበ፤ 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሰሌዳው ላይ አባዝቶ እንደ ተቀመጠ፣ ፍለጋውም የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ፈጀበት ይተረካል። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ134 ሲካፈል 1 እንደሚተርፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ይሁንና በዚህ ሕግ ብቻ ተመርቶ በተራ የሚሞክር ሰው ትንሹን አካፋይ የሚያገኘው በ1,445,580ኛው ሙከራ ነው። ስለዚህ ኮል ይበልጥ የጠበቀ ወንፊት አስፈልጎታል። ማባዛቱን ለማረም ግን አንድ ትጉህ ተማሪ ይበቃል።

ይህ የማባዛት ቅለትና የመተንተን ክብደት ዛሬ የምሥጢር መቆለፊያ ሆኗል። ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት ዘዴ ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮች ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለሁሉም ይገለጣል፤ አካፋዮቹ ይሸሸጋሉ። በዚያው ዓመት ለሕዝብ የቀረበ ባለ129 አኃዝ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1994 ተተነተነ፤ ባለ250 አኃዝ የሆነ ሌላ ቁጥር ደግሞ በ2020። የኮልን ቁጥር የዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት ይተነትነዋል። የባንክና የመንግሥት ምሥጢር ጠባቂዎች የሚያደርጉት ቁጥሩን ማርዘም ነው። መተንተን በባሕርዩ ከባድ ሥራ ለመሆኑ፣ ማለትም ለተራው ኮምፒዩተር ፈጣን ስልት ከቶ የማይገኝለት ለመሆኑ፣ እስካሁን ማስረጃ ያቀረበ የለም።