ሣጥንና ብርሃን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሣጥን ነው። ነገሩ ለጉባኤ የማይበቃ መስሏችሁ ትስቁ ይሆናል። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፤ ፊት የሌለው፥ ታሪክ የማይነግር፥ ጎንና ማዕዘን ብቻ ያለው ነገር የጥበብ ሥራ ሊባል ይገባዋልን? ይገባዋል እንላለን፤ ምክንያታችንንም በአንድ ሰው ሥራ እናስረዳለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዶናልድ ጀድ በ1928 በአሜሪካ ተወልዶ በ1994 ያረፈ ቀራፂ ነው። መጀመሪያ ሠዓሊ ነበር። በሸራ ላይ የሚሣል ጥልቀት ግን ማስመሰል ነው ብሎ ተወው። በ1965 ባወጣው ጽሑፉም፥ እውነተኛ ቦታ ከተቀባ ሸራ ይልቅ ኃይል እንዳለው ተከራከረ።

በቴክሳስ በረሃ፥ በማርፋ ከተማ፥ ቀድሞ የጦር ሠራዊት ንብረት በነበሩ ሁለት አዳራሾች ውስጥ ከ1982 እስከ 1986 ድረስ 100 የአሉሚኒየም ሣጥኖች አኖረ። የሁሉም የውጭ መጠን አንድ ነው፤ 104 በ130 በ183 ሳንቲሜትር ያህል። ውስጣቸው ግን መቶ ዓይነት ነው፤ አንዱ በአግድም፥ ሌላው በሰያፍ ተከፍሏል። የአዳራሾቹን ትልልቅ በሮች አንሥቶ በምትካቸው ሰፋፊ መስኮቶች አደረገ።

ምሥጢሩ ከመስኮቶቹ ላይ ነው። አሉሚኒየም የጎላ ቀለም የለውም፤ የወደቀበትን ብርሃን ቀለም ሳይመርጥ ከሞላ ጎደል ይመልሰዋል። ስለዚህ ሣጥኑ የሰማዩን፥ የሣሩንና የጡቡን መልክ ይቀበላል፤ ፀሐይ ስትዞር እርሱም ይለወጣል። ጠንካራው ብረት አንዳንዴ እንደ መስተዋት ስስ መስሎ ይታያል። ማንም አልቀባውም፤ ቀለም ግን አለው።

በሌሎች ሥራዎቹ ላይ ደግሞ ደማቅ ቀይ ቀለም ቀብቷል። ይኸውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ቀለም የማዕዘኑን ስለት ሲሰውር፥ ቀዩ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። ከሁሉም የሚገርመን በዚንክ የተለበጠ ብረትን፥ እኛ ለቤት ክዳን የምንመታውን ቆርቆሮ፥ ከናስና ከመዳብ ጋራ እኩል ማክበሩ ነው።

«በእጁ አልሠራውም፥ ብረት ሠሪዎችን አዝዞ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሐናፂም ቢሆን ድንጋዩን ራሱ አይደረድርም። ከዚህ የምንማረው የብረት ሠሪው ሙያ የጥበብ አካል መሆኑን ነው።

«የአክሱም ሐውልትስ?» ብትሉ፥ እርሱ መንገዱ ሌላ ነው። የአክሱም ጠራቢ ድንጋዩን በር፥ መስኮትና የእንጨት ጫፍ አስመስሎ ቀረጸው፤ ጀድ ግን ቁሱ ራሱን ብቻ እንዲመስል ፈለገ። ሆኖም ሁለቱም ፀሐይን ይፈልጋሉ፤ የአክሱሙም ቅርጽ ጎልቶ የሚነበበው ጥላ ሲያርፍበት ነው።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። የምሕንድስና ተማሪ መጠኑን ያውቃል፤ የሥዕል ተማሪ ዓይን አለው፤ ነገር ግን ተለያይተን እንቀመጣለን። መጠናቸው አንድ የሆነ ሦስት ሣጥኖች፥ አንዱን ከቆርቆሮ፥ አንዱን ከእንጨት፥ አንዱን ከሸክላ አብረን እንሥራና በግቢው ውስጥ ከጧት እስከ ማታ እንመልከታቸው። ሦስቱ አንድ ሆነው ከታዩን ተሳስተናል፤ የተለያዩ ሆነው ከታዩን ግን ክርክሩ ያኔ ይጀመራል።