ፓሮን ማን ይዟት ይመጣል?

የዛሬው ወጋችን ስለ አንዲት እንስሳ ነው። አትበላም፣ አትጠጣም፣ ቤት አታቆሽሽም። ስሟ ፓሮ ይባላል። በበረዷማ ባሕር የሚኖረውን «ሲል» የተባለ እንስሳ ግልገል የምትመስል፣ ነጭ ለስላሳ ጸጉር የለበሰች፣ ክብደቷ ከ3 ኪሎ ትንሽ የሚያንስ ሮቦት ናት። የፈጠሯት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታካኖሪ ሺባታ ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 ነው።

ቀደም ሲል የድመት ሮቦትም ሞክረው ነበር። ድመትን ግን የማያውቅ የለም፤ ያቀፋት ሁሉ ከእውነተኛዋ ጋር እያስተያየ እንከን አወጣላት። የሲል ግልገል አቅፎ የሚያውቅ ግን ማን አለ? ማንም እንከን ሊያወጣላት አልቻለም።

ራሷን ሲደባብሷት ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ድምፅ ታሰማለች፣ ጅራቷን ታወዛውዛለች። ደጋግመው የጠሯትን ስም ትለምዳለች። ከመደባበሷ በፊት ያደረገችውን ነገር ትይዝና ያንኑ ትደግማለች፤ እንዴት ያለች ብልጥ ናት! ባትሪዋ ሲያልቅ ደግሞ ቻርጅ የሚያደርጓት ሕፃን የሚጠባውን የፕላስቲክ ጡት የመሰለ ነገር አፏ ውስጥ ሰክተው ነው። ከሩቅ ለሚያይ ነርሷ ሕፃን የምታባብል ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ የታሰበው በአረጋውያን መንከባከቢያ ለሚኖሩ፣ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ጭምር ነው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ በዚህ ሥራ የተሰማራችሁ ብዙ ወገኖቻችን ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቀን ደህና የዋሉት እናት አመሻሽ ላይ ይረበሻሉ፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው «ልጆቼ ይጠብቁኛል፣ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ልጆቹ ራሳቸው የልጅ ልጅ አይተዋል። እውነተኛ ውሻ ያረጋጋቸው ይሆናል፤ ግን ውሻ ይናከሳል፣ እግር ውስጥ ገብቶ ይጥላል፣ አለርጂ ያስነሣል፣ አስታማሚም ይፈልጋል። ፓሮ እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 የሕክምና መሣሪያ አድርጎ ተቀብሏታል። ዋጋዋ ወደ 6,000 ዶላር ነው።

ታዲያ ትሠራለች? በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ፣ በ28 መንከባከቢያ ቤቶች የሚኖሩ 415 አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2017 ታትሟል። አንዱ ቡድን ፓሮን አቀፈ። ሁለተኛው ያችኑ ፓሮ አቀፈ፤ ግን ሞተሯ ጠፍቶ፣ ተራ አሻንጉሊት ሆና። ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ጊዜው 15 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለ10 ሳምንት ነበር። አረጋውያኑ ከአሻንጉሊቷ ይልቅ የምትንቀሳቀሰዋን ፓሮ አብዝተው አዩ፣ አናገሩም። መረበሽን በመቀነስ ረገድ ግን ወጪና ጥቅም ሲመዘን የተሻለ ያዋጣችው አሻንጉሊቷ ሆነች። 6,000 ዶላር ለማውጣት የተዘጋጀ ሥራ አስኪያጅ ይህችን ቢሰማ ጥሩ ነው።

ተቃዋሚዎችም አሉ። ሮበርትና ሊንዳ ስፓሮው የተባሉ ጸሐፊዎች ገና በ2006 ማሽንን እንደ ወዳጅ ማቅረብ አረጋዊን ማታለል ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ እኔ ግን በግማሽ ልቤ ነው የምቀበለው። አሻንጉሊት መሆኗን እያወቁ ማቀፍ ደስ የሚላቸው አሉ፤ ደስታቸውን ማን ይነጥቃቸዋል?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያ በኩዊንስላንድ ጥናት ፓሮን የሚያመጣላቸው ሰው ሰጥቷቸው ይሄድ ነበር። ለጥናት ይሁን፤ ለኑሮ ግን አይሆንም። አንዲት እናት ነጩን ጸጉር እየዳበሱ ድሮ ስላሳደጉት ውሻ ማውራት ቢጀምሩ፣ «ስሙ ማን ነበር?» የሚላቸው ሰው አጠገባቸው ያስፈልጋል። ፓሮ ለሠራተኛዋ ማረፊያ ሰበብ ከሆነች ባትገዛ ይሻላል።

እናት አባታችሁን እንዲህ ባለ ቤት ያስቀመጣችሁ አድማጮች፣ «ሮቦት ገዛን» ብለው ሲያበሥሯችሁ፣ ሲያቅፏት ማን አብሯቸው እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ከእጅ ወደ እጅ ስለምታልፍ ጸጉሯ በምንና በየስንት ጊዜው እንደሚጸዳም ጠይቁ። እናታችሁ «ይቺ ነፍስ አላት?» ብለው የጠየቁ ቀን ምን እንደሚመለስላቸው ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።