ከለስላሳ ወደ ከርከዴ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ አጭር ንግግር)

ባለፈው ወር ሒሳብ ስዘጋ ለስብሰባችን ለስላሳ ያወጣነው ብር ለአራሷ እህታችን ከሰጠነው በልጦ አገኘሁት። እንደ ሒሳብ ሠራተኛችሁ አፈርኩ።

ዛሬ የያዛችሁት ቀይ መጠጥ ከዚሁ ከመርካቶ ቅመም ሻጮች የገዛሁት ከርከዴ ነው። 2 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አውርዱ፤ አንድ እፍኝ ከርከዴ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋና ጥቂት ዝንጅብል ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ለ10 ደቂቃ ተዉት። አጥልሉት፤ ስኳሩን በትንሹ። ሲበርድ ሎሚ ጭመቁበት፣ የተከተፈ አናናስ ጣል አድርጉበትና ፍሪጅ አስገቡት።

ነፍሰ ጡሮችና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

የሚተርፈው ብር ወደ አራስ መጠየቂያችን እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተስማማችሁ እጃችሁን አውጡ።